ከአሞሌ ጨው እስከ ስልክ ገንዘብ፤ የኢትዮጵያ ሕዝብ በገንዘቡ ላይ ስላለው እምነት

መግቢያ

ዛሬ በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ታላላቅ ከተሞች አንድ ሰው ዕቃ ገዝቶ ዋጋውን ሊከፍል እጁን ወደ ኪሱ በሰደደ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚያወጣው ብር ሳይሆን ስልኩን ነው። ሻጩም የተከፈለውን አይቆጥርም፤ በራሱ ስልክ ላይ መልእክት እስኪደርሰው ይጠብቅና «ገብቷል» ብሎ ዕቃውን ያስረክባል። ይህ ልማድ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የተስፋፋ በመሆኑ በሕዝቡ መካከል ሁለት ዐይነት አሳብ አስነሥቷል። አንዳንዶች ጥሬ ገንዘብ ጊዜው ያለፈበት፣ ለሌባና ለሐሰተኛ አታሚ የተጋለጠ ሸክም ስለ ሆነ ቶሎ ቢቀር ይሻላል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ በእጅ ያልጨበጡት ገንዘብ የራስ ገንዘብ አይደለም በማለት ደመወዛቸው ባንክ በገባ ዕለት አውጥተው በቤታቸው ያስቀምጣሉ።

በዚህ ጽሑፍ ከሁለቱ ወገኖች ለአንዱ ለመፍረድ አንነሣም። ዓላማችን ክርክሩ አዲስ አለመሆኑን ማሳየት ነው። የኢትዮጵያ ሕዝብ ከጨው ወደ ብር፣ ከብርም ወደ ወረቀት በተሸጋገረ ጊዜ ሁሉ ተመሳሳይ ጥርጣሬ ተነሥቶ ነበር። ስለዚህ ቀድሞ የተደረጉትን ሽግግሮች በተራ መርምረን ሕዝቡ አዲሱን ገንዘብ መቼ እንደ ተቀበለና መቼ እንዳልተቀበለ ብንረዳ፣ የዛሬውን ሽግግር የምንመዝንበት ሚዛን እናገኛለን ብለን እናምናለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት የተለየ ምልክት ካልተደረገባቸው በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የአክሱም ገንዘብና አሞሌ

በአገራችን በመንግሥት ስም ገንዘብ መምታት የተጀመረው በአክሱም ዘመን ነው። በ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ከነገሠው ከእንዱቢስ አንሥቶ እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ድረስ የአክሱም ነገሥታት ከወርቅ፣ ከብርና ከነሐስ ገንዘብ ያስመቱ ነበር። ከእነዚህ መካከል ለጉዳያችን የሚጠቅመው የነሐሱ ነው። ከንጉሥ ዒዛና ክርስትናን መቀበል ወዲህ በተመቱት በብዙዎቹ የነሐስ ገንዘቦች ላይ በግሪክ ቋንቋ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ ይነበባል። ወርቁ ለባሕር ማዶ ንግድ ሲያገለግል ነሐሱ በአገር ውስጥ ገበያ የሚዘዋወር የተራው ሰው ገንዘብ ነበር። ንጉሡ ገንዘቡን ያስመታው በገዛ ሥልጣኑ ሲሆን፣ በላዩ ያጻፈው ቃል ግን ትእዛዝ ሳይሆን ምኞት ነው። የሕዝብ መቀበል ለገንዘብ አስፈላጊ መሆኑ በዚያን ጊዜም ሳይታወቅ አልቀረም።

የአክሱም ገንዘብ ከተቋረጠ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት በመንግሥት ማኅተም የተመታ ገንዘብ አልነበረም። ገበያው ግን አልቆመም። በአፋር ቆላ ከምድር እየተቆረጠ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋው የሚወጣው ጨው፣ አሞሌ የሚባለው፣ የመገበያያውን ሥራ ይሠራ ነበር። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጨው በመላው አገር እንደ ገንዘብ እንደሚያገለግል፣ ከሚቆረጥበትም ስፍራ በራቀ መጠን ዋጋው እየጨመረ እንደሚሄድ ጽፏል።

አሞሌ እንደ ገንዘብ ብዙ ጉድለት ነበረበት። ዝናም ያሟሟዋል፤ በመንገድ ይሰበራል፤ ጠርዙ የተሸረፈ እንደ ሆነም ነጋዴው ዋጋውን ይቀንስበታል ወይም አልቀበልም ይላል። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ጉድለቶች ሁሉ የሚበልጥ አንድ ጠባይ ነበረው። የያዘው ሰው እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም፤ በዐይኑ ያየዋል፣ በምላሱ ይቀምሰዋል። ገበያ ቢጠፋ እንኳ በወጥ ውስጥ ይጨምረዋል፣ ለከብቱም ያልሰዋል። ስለዚህ አሞሌ የተከበረው በባለሥልጣን ቃል ሳይሆን በራሱ ጥቅም ነበር። በአንዳንድ ወረዳዎች እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ድረስ የቆየውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጠገራ ብር

ከአሞሌ ጎን ቆሞ በኋላ የበላይነቱን የያዘው የማርያ ቴሬዛ ብር ነው፤ ሕዝቡ ጠገራ ብር ይለዋል። የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከሞተች በኋላም ይኸው ዓመት እንደ ተጻፈበት መልኳ ያለበት ብር ለምሥራቅ ንግድ ሲመታ ኖሯል። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው፤ ከ1,000 ክፍል 833ቱ ጥሩ ብር ነው። በቡና፣ በቆዳ፣ በዝባድና በዝሆን ጥርስ ንግድ በኩል በቀይ ባሕር ወደቦች እየገባ መላውን አገር አዳረሰ። ከዚህም የተነሣ የማዕድኑ ስም የገንዘቡ ስም ሆነ። እስከ ዛሬም «ብር» ብለን ገንዘብን የምንጠራው ከዚያ ዘመን በወረስነው ልማድ ነው።

ሕዝቡ ይህን ብር ሲቀበል በጭፍን አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዓመት አገራችንን የጎበኙ ተጓዦች እንደ ጻፉት፣ ሻጩ ብሩን በእጁ አገላብጦ በንግሥቲቱ ዘውድ ላይ ያሉት ፈርጦች፣ በትከሻዋ ያለው ጌጥ፣ ከምስሏም በታች ያሉት ኤስና ኤፍ የሚባሉት የላቲን ፊደላት ጎልተው መታየታቸውን ይመረምር ነበር። ከእነዚህ አንዱ ከደበዘዘ ብሩን ይመልሳል። በድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን የሚያዳምጥም ነበር። በባሕር ማዶ ያሉ የገንዘብ ዐዋቂዎች ይህን ልማድ እንደ ድንቁርና ይቆጥሩት ነበር። እኛ ግን ይህን ፍርድ አንቀበለውም። ሚዛንና የማዕድን መመርመሪያ በሌለበት ገበያ፣ ጌጡ ያልጠፋ ብር ክብደቱም ያልጎደለ መሆኑን የሚያሳይ ስለ ሆነ፣ የገበሬው ምርመራ በምክንያት የተመሠረተ ነበር።

ይህን እምነት ከጠገራ ብር ወደ ሌላ ገንዘብ ለማዛወር ብዙዎች ሞክረው አልሆነላቸውም። የኢጣልያ መንግሥት በኤርትራ በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. የንጉሥ ኡምቤርቶን መልክ የያዘ ብር አስመታ፤ በ1918 እ.ኤ.አ. ደግሞ ማርያ ቴሬዛን በሩቁ የሚመስል ሌላ ብር አወጣ። ሁለቱም ጠገራ ብርን ከገበያ ማስወጣት አልቻሉም። አንድ መቶ ከሚበልጥ ዓመት በፊት የሞተች የባዕድ አገር ንግሥት በሕይወት ካሉ ነገሥታት ይልቅ ታምና ነበር። ይህም የሆነበት ምክንያት እምነቱ በንግሥቲቱ ላይ ሳይሆን በማዕድኑ ላይ ስለ ነበረ ነው።

የምኒልክ ብርና የመጀመሪያው ወረቀት

ዐፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. በአገር ስም ገንዘብ እንዲመታ ዐወጁ፤ በፓሪስ የተመታውም ብር 1887 የሚለውን ዓመት ይዞ ወጣ። ንጉሠ ነገሥቱ የሕዝቡን ጠባይ ያውቁ ስለ ነበር ብሩ በክብደትም በጥራትም ከጠገራ ብር ጋር እኩል እንዲሆን አደረጉ። አላድ፣ ሩብ፣ ተሙንና ግርሽ የሚባሉ ዝርዝሮችም አብረው ወጡ። የአንበሳና የንጉሠ ነገሥት ምልክት ያለበት የራስ ገንዘብ መኖሩ ለነፃ መንግሥት ክብር ነው። ነገር ግን ገበያው ለክብር ሲል ልማዱን አልለወጠም። የምኒልክ ብር በአዲስ አበባና በሐረር ሲሠራበት፣ ራቅ ባሉ ገበያዎች ግን ጠገራ ብርን ያህል አልተወደደም። ዝርዝሮቹ ይልቅ በከተማ ገበያ የተሻለ ቦታ አገኙ፤ ከዚያ በፊት ከአንድ ብር ለሚያንስ ግዢ ከአሞሌና ከመሳሰለው ዕቃ በቀር ምቹ ነገር አልነበረምና። ሕዝቡ አዲሱን ነገር የሚቀበለው ያልነበረውን አገልግሎት ሲያገኝበት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

በየካቲት ወር 1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ተከፈተ። ባንኩ የተቋቋመው ከግብጽ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ውል ነበር። በ1907 ዓ.ም. የ5፣ የ10፣ የ100ና የ500 ብር ወረቀቶች አወጣ። ወረቀቱን የሚቀበሉት ግን በይበልጥ የውጭ አገር ነጋዴዎችና በከተማ ከባንኩ ጋር ግንኙነት የነበራቸው ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ነገሩን ለመረዳት አንድ ስሌት ይበቃል። አንድ ሺህ ጠገራ ብር 28 ኪሎ ይመዝናል፤ ትልቅ ነጋዴ ለአንድ ጉዞ ብዙ አጋሰስ ያስፈልገው ነበር። ይህን ሁሉ ክብደት በአንድ ወረቀት መተካት እየተቻለ ነጋዴው ሸክሙን የመረጠው ባንኩ ባልደረሰበት አገር ወረቀቱን ወደ ብር የሚመልስለት ስላልነበረ ነው። ከአዲስ አበባ የብዙ ቀን መንገድ ርቆ ለሚገኝ ገበያተኛ ወረቀቱ የሩቅ ሰው ተስፋ ብቻ ነበር።

በ1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የአቢሲኒያ ባንክን መንግሥት እንዲገዛው አድርገው በኢትዮጵያ ባንክ ተኩት። አዲስ የወረቀት ብርና ከኒኬልና ከመዳብ የተሠሩ ዝርዝር ገንዘቦች ወጡ። የወረቀቱ መዘዋወር ቀስ በቀስ መጨመር ሲጀምር ግን ጦርነት መጣ።

የሊሬ ዘመን

ኢጣልያ ለወረራ ስትሰናዳ በ1935 እ.ኤ.አ. የማርያ ቴሬዛን ማተሚያ ቅርጽ ከኦስትሪያ ተቀብላ ጠገራ ብርን በሮም መምታት ጀመረች። የገዛ ገንዘቧን በኃይል ለማስፋት የምትፈልገው መንግሥት ራሷ በኢትዮጵያ መሬት ያለ ጠገራ ብር መግዛትም መክፈልም እንደማይቻል ማመኗን ይህ ድርጊት ይመሰክራል። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ ግን ሊሬ የአገሩ ሕጋዊ ገንዘብ ነው ተብሎ ተደነገገ፤ ጠገራ ብርም በተቆረጠ ዋጋ ተለውጦ እንዲሰበሰብ ታዘዘ።

የሕዝቡ መልስ ብሩን መደበቅ ሆነ። ብር በማሰሮ ተደርጎ በጓሮና በቤት ወለል ሥር ይቀበር እንደ ነበር አዛውንቶች እስከ ዛሬ ይናገራሉ። ገበሬው እህሉን በሊሬ ወረቀት ለመሸጥ ስላልፈለገ በገበያ ችግር ተፈጠረ። ወረቀቱን የናቀው በወረቀትነቱ ብቻ አይደለም፤ ያወጣው መንግሥት ነገ ይኑር አይኑር ስላላወቀ ነው። በ1932ና በ1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከአርበኞች ጋር ለመተባበር ከሱዳን ወደ ጎጃም በገባ ጊዜም በግመልና በበቅሎ ካስጫነው ስንቅ መካከል በሣጥን የታሸገ ጠገራ ብር ይገኝ ነበር። ከነፃነት በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ፣ ሊሬ፣ የሕንድ ሩፒ፣ የግብጽ ፓውንድና ጠገራ ብር በአንድ አገር ጎን ለጎን ሲዘዋወሩ ቆዩ።

የ1937ቱ ሽግግርና ሃምሳ ሳንቲም

ሕዝቡ ወረቀትን በሰፊው የተቀበለው ከዚህ በኋላ ነው። ስለዚህ የ1937ቱን ሥራ ከሌሎቹ ይበልጥ ማጤን ይገባል። በ1935 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ተቋቋመ። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ የልደት በዓል በሚከበርበት ዕለት አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ወጣ። ከወረቀቱ ጋር የመዳብ ሳንቲሞችና አንድ የተለየ ገንዘብ አብረው ቀረቡ፤ ይኸውም ከ1,000 ክፍል 800ው ብር የሆነው ሃምሳ ሳንቲም ነው። ለዚህ ሥራ የተባበሩት አሜሪካ መንግሥታት በጦርነቱ ጊዜ ለወዳጅ አገሮች ዕርዳታ በሚሰጡበት ሥርዓት መሠረት ከ5 ሚሊዮን አውንስ የሚበልጥ ብር ሰጥተዋል።

በሁለት ሃምሳ ሳንቲሞች ውስጥ ያለው ጥሩ ብር ተደምሮ በአንድ ጠገራ ብር ውስጥ ካለው ግማሹን ያህል ቢሆን ነው። በማዕድን ዋጋ ከተባለ እንግዲህ አይተካከሉም። ዳሩ ግን ሥራው ሌላ ነበር። አንድ የወረቀት ብር የያዘ ሰው በፈለገ ጊዜ በሁለት የሚጮሁና የሚያበሩ ብሮች ሊለውጠው ይችላል። ወረቀቱን የተጠራጠረ ሰው ጥርጣሬውን የሚያሳርፍበት ነገር ነበረው። ወደ ቀድሞው ዐይነት ገንዘብ የሚመለስበት በር ክፍት መሆኑን ሲያውቅ ደግሞ ብዙው ሰው በበሩ መግባት አላስፈለገውም፤ ወረቀቱን ይዞ መሄድ ለመደ።

ከዚህ ጋር ሌላ ኃይል ተጨመረ። በ1930ዎቹ የወጡት የመሬት ግብር ዐዋጆች ቀድሞ በእህልና በማር፣ በከብትና በጉልበት ይከፈል የነበረው ግብር፣ አሥራቱም ሳይቀር፣ በገንዘብ እንዲከፈል አዘዙ። መንግሥት ወረቀቱን ለሠራተኛው ደመወዝ ሲሰጥ፣ ያንኑ ወረቀት ደግሞ ከገበሬው በግብር መልክ ይቀበላል። ገበሬውም ግብሩን ለመክፈል ሲል ወረቀቱን መፈለግ ግዴታው ሆነ። ይህም ሆኖ በሩቅ የቡና አገሮች ጠገራ ብር ከዐዋጁ በኋላ ለብዙ ዓመታት መዘዋወሩን አላቆመም።

ወረቀት በማኅተሙ ብቻ የሚኖር መሆኑን ሕዝቡ የተማረው ደግሞ በ1969 ዓ.ም. ነው። ጥቅምት 4 ቀን የንጉሠ ነገሥቱን መልክ የያዘው ወረቀት በአዲስ እንዲለወጥ ታወጀ፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ አሮጌው ወረቀት ዋጋ አጣ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1967 ዓ.ም. ባንኮች በሙሉ የመንግሥት ንብረት ሆነው ነበር። ጠገራ ብር ቀብሮ የነበረ ሰው የጣልያንን ዘመን አሳልፎ ብሩን ከነዋጋው ሊያወጣው ችሎ ነበር፤ ወረቀት ደብቆ ጊዜው ያለፈበት ሰው ግን የቀረው ሥዕል ብቻ ነው።

መዝገብና ስልክ

አሁን ወደ ዘመናችን እንመጣለን። በግንቦት 2012 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ አንድ ግለሰብ በቀን ከ200,000 ብር፣ አንድ ድርጅት ደግሞ ከ300,000 ብር የሚበልጥ ጥሬ ገንዘብ ከባንክ እንዳያወጣ ወሰነ፤ ልኩም በኋላ ይበልጥ ዝቅ ብሏል። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50ና የ100 ብር ኖቶች እንዲለወጡ፣ አዲስ የ200 ብር ኖትም እንዲወጣ ታወጀ። የቅያሪው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። ለኅትመቱ የወጣው ገንዘብ 3.7 ቢሊዮን ብር መሆኑ ተገልጿል። ማንም ሰው ከባንክ ውጭ ከ1.5 ሚሊዮን ብር በላይ ይዞ እንዳይገኝም ተከለከለ። ለዚህ የተሰጠው ምክንያት ሐሰተኛ ኅትመትን፣ ሕገ ወጥ ንግድንና ከባንክ ውጭ የሚከማች ገንዘብን ለመቆጣጠር የሚል ነው።

ከስምንት ወር በኋላ፣ ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር የተባለውን የስልክ ገንዘብ ጀመረ። ከዚያ በፊት ሲቢኢ ብርን የመሰሉ የባንኮች አገልግሎቶች ነበሩ፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በኬንያ በ2007 እ.ኤ.አ. የተወለደው ኤምፔሳ ወደ አገራችን ገባ። የቴሌብር ደንበኞች ቁጥር በ2017 ዓ.ም. ከ50 ሚሊዮን ማለፉ ተነግሯል። በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. የነዳጅ ግዢ በጥሬ ገንዘብ መሆኑ ቀርቶ በስልክ ወይም በባንክ መንገድ ብቻ እንዲፈጸም ታዘዘ። የመብራትና የውሃ ሒሳብም በዚሁ መንገድ መከፈል ለምዷል።

ስሙን እናስተውል። «ብር» መጀመሪያ ማዕድን ነበር፤ ቀጥሎ የማዕድኑ ምትክ የሆነ ወረቀት ስም ሆነ፤ አሁን ደግሞ በመዝገብ ላይ የተጻፈ ቁጥር ስም ሆኗል። ስሙ ሳይለወጥ የሚጠራው ነገር ሁለት ጊዜ ተለውጧል። ሕዝቡ የለመደውን ስም ይዞ መቆየቱ ሽግግሩን ሳያቀልለት አልቀረም።

ሦስቱ መመዘኛዎች

ከላይ ካየነው ታሪክ ሦስት ነገሮችን ለይተን ማውጣት እንችላለን። ሕዝቡ አዲስ ገንዘብን በሰላም የተቀበለው አንደኛ እውነተኛነቱን ራሱ መመርመር ሲችል፣ ሁለተኛ በፈለገ ጊዜ ወደ ለመደው ገንዘብ መመለስ ሲችል፣ ሦስተኛ መንግሥት ራሱ ያንኑ ገንዘብ ሲቀበለው ነው። አሞሌና ጠገራ ብር በመጀመሪያው ብቻ ቆመው ኖሩ። የአቢሲኒያ ባንክ ወረቀት ከከተማ ውጭ ሁለተኛው ስለ ጎደለው አልተስፋፋም። የ1937ቱ ወረቀት ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ስላሟላ ተሳካለት።

የስልክ ገንዘብ በሦስተኛው መመዘኛ እጅግ የበረታ ነው፤ መንግሥት መቀበል ብቻ ሳይሆን በአንዳንድ ቦታ ከእርሱ በቀር አልቀበልም እስከ ማለት ደርሷል። አዲስ አገልግሎት በመስጠትም የምኒልክን ዝርዝሮች ይመስላል። ከአዲስ አበባ ሆኖ በገጠር ላለች እናቱ ገንዘብ የሚልክ ልጅ ቀድሞ መንገደኛ መፈለግ ነበረበት፤ ዛሬ ግን በደቂቃ ይደርስለታል። ለአምስት ብር መልስ ማስቲካ የሚሰጥ ባለ ሱቅም ዝርዝር የለኝም ማለቱ ቀርቶለታል።

በመጀመሪያው መመዘኛ ግን ደካማ ነው። ሻጩ በገዢው ስልክ ላይ ያለውን ደረሰኝ ብቻ አይቶ አያምንም፤ የራሱን መልእክት ይጠብቃል። ይህ የጠገራ ብርን ፈርጥ ከመቁጠር ጋር አንድ ዐይነት ጥንቃቄ ነው። ልዩነቱ የቀድሞው ሰው የሚመረምረው ብሩን ራሱን ሲሆን፣ የዛሬው የሚመረምረው ስለ ብሩ የተነገረውን ቃል መሆኑ ነው። ቃሉን የሚጽፈውም መዝገብ ሊሳሳት ይችላል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የመሣሪያ አሠራር በአንድ ሌሊት ተሳስቶ ደንበኞች ከሌላቸው ሒሳብ ገንዘብ ያወጡና ያዛወሩ ሲሆን፣ ባንኩ በሰጠው መግለጫ ገንዘቡ 801 ሚሊዮን ብር ያህል ነበር። አብዛኛው በኋላ ተመልሷል። ነገር ግን ስሕተቱን ያወቀውም፣ ያረመውም፣ ባለዕዳውን የለየውም መዝገቡን የያዘው ወገን ነው፤ ደንበኛው በእጁ የሚያነጻጽርበት ነገር አልነበረውም።

ሁለተኛው መመዘኛ ከሁሉ የከበደ ነው። የመዝገብ ገንዘብ ወደ ጥሬ ገንዘብ የሚመለስበት በር ሲዘጋ ምን እንደሚሆን በቅርብ ዘመናችን አይተናል። በትግራይ በነበረው ጦርነት ከሰኔ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ባንኮችና የስልክ አገልግሎት ተቋርጠው ስለ ነበረ፣ በባንክ ብዙ ያጠራቀመ ሰው ገንዘብ እያለው እህል መግዛት ተሳነው። ጥሬ ገንዘብ የያዙ ሰዎች ከፍ ያለ ተቆራጭ እየወሰዱ ያቀርቡ ነበር። በዚያ ጊዜ አንድ ብር በእጅና አንድ ብር በመዝገብ እኩል አልነበሩም። ስለዚህ ደመወዙን በገባ ዕለት የሚያወጣውን ሰው ኋላ ቀር ብለን ከመንቀፋችን በፊት ምን እንዳየና ምን እንደ ሰማ መጠየቅ ይኖርብናል።

ጥሬ ገንዘብ ከንግድ ውጭም ሥራ አለው። ዕቁብተኞች በጉባኤ ፊት ቆጥረው የሚያስረክቡት፣ በለቅሶ ቤት በመዝገብ ተጽፎ የሚሰጠው፣ በሠርግ ቀን በአዝማሪ ግንባር ላይ የሚለጠፈው፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጅ ለነዳያን የሚመጸወተው ሁሉ በሰው ፊት ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ነው። ዕቁብ በስልክ መሰብሰብ ተጀምሯል፤ አብያተ ክርስቲያናትም የባንክ ቁጥር ይለጥፋሉ። ስልክ የሌለው ነዳይ፣ ፊደል ያልቆጠሩ አሮጊት፣ ኔትወርክ በማይደርስበት ቆላ የሚኖር አርብቶ አደር ግን በዚህ ለውጥ ውስጥ ቦታቸው የት እንደ ሆነ ገና በሚገባ አልተመለሰም።

ይህ ችግር የእኛ አገር ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት አንድ ምሳሌ እንጨምር። በአውሮፓ መጀመሪያ የባንክ ወረቀት ያወጣችው ስዊድን በ1661 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ዛሬም ጥሬ ገንዘብን በመተው ከቀደሙት አገሮች አንዷ ናት። ሆኖም በጥር 2020 እ.ኤ.አ. በጸና ሕግ ታላላቆቹ ባንኮቿ ጥሬ ገንዘብ የማውጣትና የማስገባት አገልግሎት እንዳያቋርጡ አስገድዳለች። ርቃ የሄደችው አገር ራሷ የመመለሻውን በር በሕግ ከፍታ መያዝ እንዳስፈለጋት እናያለን።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት አሳብ ይህ ነው። ገንዘብን ማውጣት የመንግሥት ሥልጣን ነው፤ ማመን ግን የያዡ ፈንታ ነው። የኢትዮጵያ ሕዝብ ለአዲስ ገንዘብ ጠላት ሆኖ አያውቅም፤ ከጨው ወደ ብር፣ ከብር ወደ ወረቀት ሲሻገር ጥቅሙን እያየ ተሻግሯል። ያልተቀበለው መመለሻ የሌለውን ሽግግር ነው። የ1937 ዓ.ም. ሰዎች ይህን ዐውቀው ከወረቀቱ ጎን ሃምሳ ሳንቲሙን አስቀመጡ። የዛሬው ጥሬ ገንዘብ ለስልክ ገንዘብ የሚሠራው ሥራ ሃምሳ ሳንቲም ለወረቀቱ የሠራውን ነው። በየወረዳው ያለ ወኪል ቁጥሩን ያለ ክርክር በጥሬው መመለስ እስከ ቻለ ድረስ፣ ሰዎች ለመመለስ ያላቸው ፍላጎት እየቀነሰ ይሄዳል። ጥሬ ገንዘቡ ከጠፋ ወይም መመለሱ በትእዛዝ ከተከለከለ ግን በማሰሮ መቅበር በሌላ መልክ ይመለሳል፤ በወርቅ፣ በውጭ ምንዛሪ ወይም በከብት።

ስለዚህ የጥሬ ገንዘብ መቅረትን የሚመኙም ሆነ የሚፈሩ ሰዎች ከደንበኞች ቁጥር ይልቅ አንድ ጥያቄ ቢያነሡ ይበጃል፤ ይኸውም መብራትና ኔትወርክ በተቋረጠ ዕለት፣ ከከተማ በራቀ ገበያ ላይ፣ ያች ፊደል ያልቆጠሩ አሮጊት በገንዘባቸው ጨው መግዛት ይችላሉ ወይ የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ አዎን የሚል መልስ በተገኘበት ስፍራ ሽግግሩ ያለ አስገዳጅ ይፈጸማል ብለን እናስባለን። የገንዘብን ታሪክ የሚያጠኑ ባልንጀሮቻችንም የየወረዳቸውን ገበያ ልማድ ከአዛውንቶች እየጠየቁ ቢመዘግቡ፣ ከዐዋጅ መዝገብ የማይገኘው የታሪኩ ክፍል ሳይጠፋ ይቆያል።